የፊልም መታሰቢያ ዝግጅት፦ ረቂቅ ዕቅድ፣ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊዋ፣ ሰኞ ማታ

የሰፈራችን ማኅበር አባላት፣ ረቂቁ ይኸውላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተባለውን ነው የጻፍኩት፤ ከራሴ የጨመርኩት የለም።

ዓላማው ያው ነው። በ2016 ከሰፈር ስንነሣ በሁለት ማዳበሪያ ታጭቀው የወጡትን 63 የቪዲዮ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ማስገልበጥ። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ የጥምቀቱ ጭፈራ፣ የክረምቱ ኳስ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ገልባጩ ለአንዱ ካሴት 700 ብር ጠይቋል፤ በድምሩ 44,100 ብር።

ገንዘቡን የምናገኘው ፊልም አሳይተን ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፒያሳ በተነጋገርንበት አዳራሽ። ቅዳሜ የተወደዱት፤ ቁጥር 1 «ሂሩት አባቷ ማነው»፣ ቁጥር 2 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»። እሑድ መጥፎዎቹ፤ ቁጥር 3 የቪዲዮ ቤቱ የካራቴ ፊልም፣ ቁጥር 4 እኛው ሰፈር የተቀረፀው። ከየፊልሙ በኋላ ግማሽ ሰዓት ውይይት ይኖራል። ፖስተሩ ላይ የሚጻፈው «የተወደዱና መጥፎ ፊልሞች» ነው። ፖስተሩን እሠራለሁ ያለው ሰው ናሙናውን እስከ ረቡዕ እንዲልክ።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ ማታ

250 ወንበር በ400 ብር፣ ሙሉውን ከሸጥን 100,000። አዳራሽ 30,000፣ ለፊልሞቹ ባለቤቶች 20,000፣ ፖስተር 5,500። የሚቀረው 44,500 ነው። ከካሴቱ ዋጋ በላይ የምናተርፈው 400 ብር ብቻ ስለሆነ ማንም ሰው በነፃ ትኬት እንዳይጠይቀኝ። የፋሲካው ዝግጅት እንዴት እንዳለቀ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የሜሪላንዱ፣ ሰኞ ሌሊት

ቁጥር 2ን ለእኔ ተዉት። ኃይሌ ገሪማ ዋሽንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የመጻሕፍትና የፊልም መደብር አለው፤ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። በዚህ ሳምንት ሄጄ ስለ ቅጂውና ስለ ፈቃዱ እጠይቃለሁ። ፊልሙ አብዮቱ በፈነዳበት ወቅት በሁለት ሳምንት ውስጥ በጥቁርና ነጭ የተቀረፀ ነው። ቦሎኛ ውስጥ በሚገባ ስለታደሰ ጥሩ ቅጂ አለ። ከበበ የሚባለውን አእምሮው የታወከ አርበኛ አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። እኔ ልጆቼን አስቀምጬ አሳይቻቸዋለሁ፤ ትንሿ እያለቀሰች ነው የጨረሰችው።

የጀሞው፣ ማክሰኞ ጠዋት

150 ደቂቃ ነው። ሰው ውኃ ሳይጠጣ እንዴት ይቀመጣል? ደግሞ «ጉማ» የት ሄደ? የሚሼል ፓፓታኪስ ሥራ ነው፤ ከ2006 ጀምሮ የአገሪቱ የፊልም ሽልማት በፊልሙ ስም ይጠራል። በካራቴው ፈንታ እሱን አስገቡ።

ጸሐፊዋ

ቅጂውን የሚያመጣ ሰው ካለ ይግባ። አመጣለሁ የሚል እጁን ያውጣ።

ከደረጃው ሥር የነበረው፣ ማክሰኞ ቀን

ፖስተሩ ላይ ያለው «መጥፎ» የሚለው ቃል ይውጣ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

የጀሞው

ለምን ይወጣል? ቁጥር 4 መጥፎ ፊልም ነው። አክተሩ ከሞተ በኋላ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የማይክሮፎኑ ጥላ አለ። ሴትየዋ በሩን ዘግታ ከተቀመጠች በኋላ ነው የበሩ ድምፅ የሚመጣው። አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እንደገናም አየዋለሁ፣ እወደዋለሁ። መጥፎነቱን ግን አልክድም። ሰውም ትኬት የሚገዛው እንዲህ ብለን በግልጽ ስንጠራው ነው።

ከደረጃው ሥር

እዚያ ፊልም ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። አስተናጋጁ እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰሃን ይዤ ቆሜያለሁ። «ምን ልታዘዝ?» የምትለዋን አንድ ዐረፍተ ነገር አሥራ አንድ ጊዜ አስደገሙኝ። ሸሚዙም የራሴ ነበር።

እናቴ በሕይወቷ ሲኒማ ገብታ አታውቅም ነበር። ፊልሙ አምባሳደር ሲኒማ ሲታይ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ወረፋው ላይ ሁለት ሰዓት አብራኝ ቆመች። እኔ ብቅ ስል እልል አለች፤ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። አሁን እኔ ያንን በእኛው ማኅበር ስም «መጥፎ» ተብሎ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንዳይ ነው የምትፈልጉት?

ገንዘብ ያዥ

ቃሉ ገንዘብ አያስወጣም አያስገባም። ቀይሩትና ወደ ሥራው እንሂድ።

የጀሞው

ገንዘብማ ያስገባል! «የማይረሱ ፊልሞች» ብለህ ለጥፈህ ማን ይመጣል? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። በአንድ ሰው ስሜት ምክንያት ዝግጅቱ ሊበላሽ አይገባም።

ከደረጃው ሥር

«የአንድ ሰው ስሜት» ካልከው ይህ አንድ ሰው ከማኅበሩ ቢወጣ አይጎዳችሁም ማለት ነው። ወርሃዊ መዋጮዬ እስከዚህ ወር የተከፈለ ነው። ገንዘብ ያዡ ያረጋግጥ።

ጠበቃው፣ ማክሰኞ ማታ

ስሜቱን ወደ ጎን ብንተወውም ቃሉ ችግር ያመጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ትኬት ሸጠን በአደባባይ ለማሳየት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልገናል። የቁጥር 4ን ባለቤት አነጋግራለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ሰውየው ደጅ ሄጄ «መጥፎ ፊልም ብለን ልናሳይልህ ነውና ፈርምልን» እንድል ነው የምትልኩኝ? እኔ ብሆን አልፈርምም። ስለ ቁጥር 3 ደግሞ ባለመብቱን ከየት እንደምናገኘው ማንም አልነገረኝም፤ ካልተገኘ ይሰረዛል።

የገላን ጉራዋ፣ ረቡዕ ጠዋት

«ያልተሳካላቸው» ብንልስ?

የጀሞው

ያልተሳካ ማን አለው? ወረፋው ከአምባሳደር በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ነበር።

የገላን ጉራዋ

እሺ «የተተቹ»።

ጸሐፊዋ

ማንም ጋዜጣ ላይ አልጻፈበትም። የተቸነው እኛው ነን፣ ቡና ቤት ተቀምጠን።

የአራት ኪሎዋ

«የሳቅንባቸው»።

ከደረጃው ሥር

ይኼ ከ«መጥፎ» ይብሳል።

ጋሼ፣ ረቡዕ ቀን

ልጆች፣ እኔ እምብዛም አልጽፍም፤ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባቴ ሲኒማ እንደምንሄድ ሲሰማ «ሰይጣን ቤት ደረሳችሁ ወይ?» ይለን ነበር። ሰይጣን ቤት የሚባለው ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የነበረው፣ ከመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱ ነው። ሰው በጨለማ ውስጥ ጥላ ሲንቀሳቀስ አይቶ ስም አወጣለት፤ ሲኒማ የወደደውም የጠላውም ያንኑ ስም ይዞ ኖረ። የሚወጣ ስም እንዲህ ነው፣ አይለቅም። ስለዚህ ልጁ ስለ አንድ ቃል የሚናገረው ከንቱ ነገር አይደለም።

«ሂሩት»ን ደግሞ በ1957 ወጥቶ ሳየው ልጅ ነበርኩ። ያዘጋጀው ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ፣ የጻፈው ኢላላ ኢብሳ ነው። ዛሬ «የተወደደ» ብላችሁ ቅዳሜ ላይ አስቀመጣችሁት። የዚያን ጊዜ ግን ታላቅ እህቴ እንዳታየው ተከልክላ ነበር። የሂሩትን ኑሮ አይታ ምን ትማራለች ተብሎ ነው። እኔ ለእሷ ሙሉውን ታሪክ ከድስቱ ሥር እሳት እያነደድኩ ነገርኳት። ሰዎች በራሳችን ቋንቋ ሲነጋገሩ በትልቁ መጋረጃ ላይ ማየት ምን እንደሚመስል እናንተ አታውቁትም፤ ስትወለዱ አግኝታችሁታል። በእኔ ቤት የቅዳሜና የእሑድ ልዩነት የለም። አንድ ላይ ይታዩ።

ጸሐፊዋ

ጋሼ፣ እርስዎ ቅዳሜ ከ«ሂሩት» በኋላ ይህን እንዲነግሩን ፕሮግራም ላይ አስገባለሁ። እምቢ እንዳይሉኝ።

ባለካሜራው፣ ረቡዕ ማታ

ስለ ቁጥር 4 ማንም ሳይጠይቀኝ ብዙ ተባለ። ድምፁን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። የማይክሮፎኑም ጥላ የእኔ ነው።

ያኔ ነገሩ እንዴት እንደነበር ላስረዳችሁ። እነ «ሂሩት» በሴሉሎይድ፣ ማለት በፊልም ጥቅል፣ የተሠሩ ናቸው፤ እሱ ለእኛ የማይታሰብ ወጪ ነበር። ከዚያ የቪዲዮ ካሜራ መጣ፣ ዋጋው የሚቻል ሆነ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲኒማ ቤቶቹ በፕሮጀክተር ማሳየት ጀመሩ፣ በሩ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። የፊልም ትምህርት የተማረ በመካከላችን አልነበረም። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ እንቀርፃለን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ፊልም። ያው ካሜራ፣ ያው መብራት፣ ያው ማይክሮፎን ነው። የበሩ ድምፅ የዘገየው ለምን መሰላችሁ? ቀረፃው ቀን የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ስለዋለ ድምፁን ጥለን በኋላ ሌላ በር ዘግተን ቀዳነው፤ ማቀናበሪያ ኮምፒውተሩ ደግሞ እየቆመ ሦስት ሌሊት አስለቀሰን። ለሲኒማ ቤቱ የተቀጠረው ቀን ደርሶ ስለነበር እንዳለ አስገባነው። መጀመሪያ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ በሩ ስትደርስ ዐይኔን ጨፈንኩ።

ስለዚህ መጥፎ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ግን እነዚያ 63 ካሴቶችም የእኔ እጅ ሥራ ናቸው፤ በዚያው እጅ የተቀረፁ። ሌላም ነገር ላስታውሳችሁ፦ ካሴት እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ቴፑም ይጣበቃል። ማዳበሪያዎቹ የት እንደተቀመጡ የሚያውቅ ሰው አለ?

የገላን ጉራዋ፣ ረቡዕ ሌሊት

ቁጥር 4ን አሁን ከስልኬ ላይ እንደገና አየሁት። አክተሩ ሲያሳድዱት በእኛ ደረጃ ይወርዳል። በግራ በኩል ሰማያዊው የቆርቆሮ አጥር አለ፤ አጥሩ ሥር እናቴ በርበሬ አስጥታለች። አክተሩ በርበሬው እንዳይረገጥ ዘሎ ያልፈዋል። ይህ በድርሰቱ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም፤ የእናቴን ቁጣ ስለሚያውቅ ነው። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ሰፈሩ ያልፋል፣ መኪና ይመጣል። አቁሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። እኔ ሌላ ቦታ ላይ ያንን ደረጃ በቀለም ያየሁበት ሥዕል የለኝም።

የጀሞው

አውቀዋለሁ። አራት ጊዜ የማየው ለእሱ ነው።

ከደረጃው ሥር፣ ይቅርታ። እናትህን አስታውሳለሁ፤ ጠላቸውን ጠጥቼ ነው ያደግኩት። ቃሉ ይውጣ። ግን ምን እንደሚተካው እናንተው ወስኑ፤ እኔ ደከመኝ።

ከደረጃው ሥር

አልቀየምኩም። መዋጮዬንም አልተውኩም።

የዱባይዋ፣ ሐሙስ ጠዋት

ከሰኞ ጀምሮ ስለ አንድ ቃል ነው የምትጽፉት። እኔ ባለፈው ወር 10,000 ብር የላክሁት ለካሴቱ ነው እንጂ ለፖስተር አይደለም። ባለካሜራው የጠየቀውን የመለሰለት አለ? ማዳበሪያዎቹ የት ናቸው?

ገንዘብ ያዥ

10,000ው በባንክ ሂሳቡ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ደረሰኙን ልኬልሻለሁ።

የዱባይዋ

ስለ ደረሰኙ አይደለም የጠየቅኩት።

ጸሐፊዋ፣ ሐሙስ ማታ

ፖስተሩ አልደረሰኝም። ሠሪው ስልኩን አያነሣም። የሜሪላንዱ፣ ስለ ቁጥር 2 ምን ላይ ደረስክ? ቁጥር 3 በጠበቃው ምክር ተሰርዟል።

የገላን ጉራዋ፣ ዓርብ ጠዋት

ሌላ ጉዳይ አለኝ። ግማሹ ሰው አሁን ያለው ገላን ጉራ ነው። እነ እትዬን ሁለት ቀን ተከታታይ ፒያሳ ድረስ በሦስት ታክሲ ማመላለስ አይቻልም። አንድ ቀን ይሁን፤ አውቶቡስም ይመደብ። እነሱ ካልመጡ ለማን ነው የምናሳየው?

የጀሞው

ልክ ናት። ደግሞ እነ እትዬን ከዚያ ድረስ አምጥቶ ቆሎ አስይዞ መመለስ ነውር ነው። ምሳ ወይም እራት ይኑር። ከተበተንን ወዲህ በአንድ ማዕድ ተቀምጠን አናውቅም።

የአራት ኪሎዋ

እራት ይሻላል። እራት ካለ ትንሽ ሙዚቃ መኖሩ አይቀርም። ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ዘመድ አለኝ።

ከደረጃው ሥር

ጥሩ ሐሳብ ነው። የሰፈሩ ስም የተጻፈበት ቲሸርትም እናሠራ። ልጆቻችን ይልበሱት፤ ስሙ አሁን ያለው በእኛ አፍ ላይ ብቻ ነው።

ጠበቃው

እራት ከሆነ ለፊልም የሚቀረው ሰዓት ስንት ነው?

የአራት ኪሎዋ

ከቁጥር 4 ሰፈሩ የሚታይበትን ብቻ ቆርጠን ብናሳይ ሁሉም ይደሰታል። ጋሼም ስለ «ሂሩት» አሥር ደቂቃ ይናገሩልን።

ጋሼ

እኔ ለመናገር አሥር ደቂቃ ይበዛብኛል። ፊልሙን ግን ማየት እፈልግ ነበር።

ጸሐፊዋ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ከአብዛኛው አስተያየት ተነሥቼ ሁለተኛውን ረቂቅ አውጥቻለሁ። ስሙ «የሰፈር ልጆች የእራት ምሽት»። ፊልም የሚለው ከፖስተሩ ስለወጣ የቃሉም ጉዳይ አብሮ ተዘግቷል። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት ጀምሮ፣ እራት፣ ሙዚቃ፣ ከቁጥር 4 የተመረጠ 25 ደቂቃ፣ የጋሼ ንግግር። ትኬት 1,200 ብር። ቲሸርት ለብቻው ይሸጣል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ወደፊት ራሱን የቻለ ቀን ይያዝለታል፤ የሜሪላንዱ መልስ ሲሰጠን።

ገንዘብ ያዥ

ቁጥሩን እንካችሁ። 250 ሰው በ1,200፣ 300,000። እራት በነፍስ ወከፍ 700፣ 175,000። አዳራሽ ለማታ 45,000። ድምፅና ሙዚቃ 40,000። ሁለት አውቶቡስ 24,000። ፖስተር 5,500። ለፊልሙ ባለቤት 5,000። ድምሩ 294,500። የሚቀረው 5,500 ነው፤ እሱም ሁሉም ትኬት ከተሸጠ ነው። ለአዳራሹ ቀብድ እስከ ማክሰኞ መክፈል አለብን።

የዱባይዋ

5,500 በ700 ስታካፍሉት ሰባት ካሴት ነው። ከ63 ውስጥ ሰባት።

እራቱን አልጠላሁትም። እኔም ብኖር እበላ ነበር። ግን የእህቴ የ1987 ሠርግ እዚያ ማዳበሪያ ውስጥ አለ። እናቴ በረንዳው ላይ ቡና ስትቀዳ የምትታየው እዚያ ብቻ ነው፤ ካሜራው ሲቀርባት ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍንና ደግሞ ትስቃለች። ፎቶግራፍ አለኝ፣ ፎቶግራፍ ግን አይስቅም። የላክሁትን 10,000 ከእራቱ ሂሳብ ጋር አትቀላቅሉብኝ። አሥራ አራት ካሴት ያስገለብጣል። ከአሥራ አራቱ አንዱ እሱ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ

ለብቻው ይዤዋለሁ። ማንም አይነካውም።

ባለካሜራው፣ እሑድ

ማዳበሪያዎቹን አገኘኋቸው፤ ጀሞ ናቸው፣ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ።

የጀሞው

እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። ቤቴ ጠባብ ነው፤ ለሁለት ወር ብቻ ብላችሁ ነበር የሰጣችሁኝ።

ባለካሜራው

ማንንም አልወቀስኩም። አንዱ ማዳበሪያ ሥሩ ረጥቧል። ከታች ያሉትን አሥራ ስምንቱን አውጥቼ አየሁ። የካሴቶቹ መስኮት ላይ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር አለ፤ እሱ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለውን ሳያጸዱ ማጫወቻ ውስጥ ማስገባት ካሴቱንም ማጫወቻውንም ያበላሻል። የላይኞቹ ደረቅ ናቸው። ችግሩ ስማቸው በብዕር ስለተጻፈ ደብዝዟል፤ «ሠርግ» የሚለው ይነበባል፣ የማን እንደሆነና ዓመቱ አይነበብም። የ1987ቱን ለመለየት አንድ በአንድ ማየት ይኖርብኛል። የእኔ ዴክ ከተሸጠ ቆየ። የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው አለ?

የአራት ኪሎዋ

ለቲሸርቱ ነጭ ይሁን ሰማያዊ? መጠናችሁንም ጻፉልኝ።

የገላን ጉራዋ

ሰማያዊ፣ እንደ አጥሩ። ለእናቴ ትልቁን።

ከደረጃው ሥር፣ እሑድ ማታ

እኔ ዘንድ ዴክ አለ። ገመዱ የለውም፤ ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ነገ ከሥራ ስወጣ መርካቶ ገመድ ፈልጌ ጀሞ አመጣዋለሁ። ባለካሜራው፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ጠብቀኝ።